አጽዳ የሚለው ቁልፍ

«ገጹ ያለኝን ነው ያደረግሁት» አለች ሆቪታ። ድምፅዋን ዝቅ ብታደርግም፣ ጸሎቱ ስላልተጀመረ ቤቱ ሁሉ ሰማት። «መጀመሪያ አጽዳ የሚለውን ቁልፍ ተጫኚ ይላል። ተጫንኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሞላሁት የመጻሕፍት መዝገብ ድራሹ ጠፋ።»

ሬሚሂዮ የቡና ኩባያውን እንደያዘ ቀረ። ለቅሶው ስድስተኛ ቀኑ ነው። የመምህር ኤውላሊያ የሬሳ ሣጥን አርፎበት በነበረው ወለል ላይ በኖራ የተሠራው መስቀል እንደተዘረጋ ነው፤ በዘጠነኛው ቀን እንደ አገሩ ልማድ ኖራው ተጠርጎ ይነሣል።

ሆቪታ ከሶንጎሊካ ተራራ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ የመጣች የመንደር ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። መምህርን በአካል አይታቸው አታውቅም። የምታውቃቸው በጻፉት የኮምፒውተር መመሪያ ነው፤ ገጾቻቸውን አትማ በፕላስቲክ ማኅደር ይዛቸው መጥታለች፣ ጠርዛቸው በጣት ብዛት ጠቁሯል።

«ልወቅሳቸው አይደለም የመጣሁት» አለች። «ኮምፒውተር ያስለመዱኝ እኮ እሳቸው ናቸው። በየገጹ ‹አይዞሽ፣ ምንም አይጠፋም› ይላሉ። ሕመሙ ነው እንጂ... መጨረሻ ላይ አእምሮም ይደክማል።»

ባላቸው ዶን ፕላሲዶ አንገታቸውን ደፉ። «ይሆናል ልጄ» አሉ። «መጨረሻ ላይ የሰው ስም ይምታታባት ነበር።»

ሬሚሂዮ አፉን ከፈተ። ጸሎት መሪዋ መቁጠሪያዋን አንሥታ ጀመረች። እሱም ከሌሎቹ ጋር ተቀባይ ሆኖ ከድምፃቸው ኋላ ተደበቀ። ፈራ፤ ሌላ ስም የለውም።

ስህተቱ የመምህር አልነበረም። የሱ ነበር።

ኮልሜና የሚባለውን የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም የሚሠሩት ሰባት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በነፃ ይሰጣል፤ ማንም ኮዱን ከፍቶ ማየትና ማሻሻል ይችላል። ከሰባቱ ዋናው ሬሚሂዮ ነው። ኮድ የማይጽፉት መምህር ኤውላሊያ ብቻ ነበሩ። አራተኛ ክፍል ያስተማሩት ልጅ ትልቅ ሰው ሆኖ ፕሮግራም ሠራ ቢሏቸው ሊያዩት ጠየቁት፣ ካዩት በኋላም «ጎበዝ ነህ፤ ግን አንድም ሰው አይገባውም» ብለውት የእርዳታ ገጾቹን መጻፍ ጀመሩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ጻፉ።

እያንዳንዱን ገጽ የሚፈትኑት ጎረቤታቸው የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያ ሻጯ ዶኛ ቾሌ ላይ ነበር። ቾሌ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጣለች፤ መምህር ከኋላዋ ቆመው አንድ ቃል አይተነፍሱም። ቾሌ ግራ ከተጋባች ገጹ እንደገና ይጻፋል።

ሬሚሂዮ ግን ቁልፍ በቀየረ፣ ስም ባዛወረ ቁጥር መንገር ይረሳል። መምህር ይደውላሉ። «ሬሚ፣ ትናንት እዚህ የነበረው ቁልፍ የት ገባ? በላኸው?»

አንድ ቀን ሥራ በዝቶበት ነበርና፣ «ኧረ መምህር፣ እርዳታውን ደግሞ ማን ያነበዋል?» አላቸው።

ሳቁ። «የቸገረው ነዋ» አሉት።

የመጨረሻ ጥቆማቸውን በስልክ ሳይሆን ሁሉም በሚያየው በፕሮግራሙ የጥቆማ ገጽ ላይ ነበር የጻፉት። አጽዳ የሚለው ቁልፍ ድሮ የሚያጸዳው ሰው ሊጽፍበት የከፈተውን ሣጥን ብቻ ነበር፤ ሬሚሂዮ በአዲሱ ዕትም መዝገቡን በሙሉ እንዲያጠፋ አደረገው። «ገጼ መጀመሪያ አጽዳን ተጫኑ ይላል» ብለው ነበር መምህር። «ገጹን ላርመው ወይስ ቁልፉን ትመልሰዋለህ? ሰው ሳይጎዳ ቶሎ መልስልኝ።» ሬሚሂዮ ሁለት መስመር አንብቦ፣ ከሥሩ «የትኛው ዕትም ላይ ነው?» ብሎ ጽፎ ወደ ሥራው ሄደ።

መምህር አልመለሱም። ሆስፒታል ገብተው ነበር። ሠላሳ ቀን ሲሞላ፣ መልስ ያልመጣለትን ጥቆማ ሁሉ በራሱ የሚዘጋው መሣሪያ የሳቸውንም ዘጋው። «ከጠቋሚው ምላሽ ስላልተገኘ ተዘግቷል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።» መሣሪያውን የሠራው፣ ዐረፍተ ነገሩንም የጻፈው ራሱ ሬሚሂዮ ነው።

በሰባተኛውና በስምንተኛው ቀን ወሬው ለለቀስተኛ ከሚታደለው የበቆሎ ምግብ፣ ከታማሌው ጋር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «ምስኪን፣ ሳታውቀው ሰው አሳስታ ሄደች» ይላሉ።

«ማን? ኤውላሊያ?» ዶኛ ቾሌ ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አጮኸችው። «እኔን መከራዬን ያበላችኝ ሴትዮ ናት ሳትሞክር የምትጽፈው? ዝም በሉ እባካችሁ!»

ሬሚሂዮም ዝም አለ። በስምንተኛው ቀን ማታ ሲለያዩ ዶን ፕላሲዶ ትከሻውን ይዘው፣ «ነገ የመስቀሉን ራስ የምታነሣው አንተ ነህ» አሉት። «ከተማሪዎቿ ሁሉ አንተን ነበር የምትወደው።»

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በመስቀሉ ዙሪያ የነበረው አበባ ገለል ተደረገ። ዶን ፕላሲዶ ትንሿን መጥረጊያ ሲዘረጉለት ሬሚሂዮ አልተቀበለም።

«ይሄ ለኔ አይገባም፣ ዶን ፕላሲዶ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ገጹ ትክክል ነበር። ቁልፉን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሰው ይጎዳል ብለው ጻፉልኝ፤ እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም። መልሴን ሲጠብቁ ነው የሞቱት። ሆቪታ፣ መዝገብሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሆቪታ ማኅደሯን ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘችው። «ሦስት ቀን ሙሉ» አለች በመጨረሻ፣ «እሳቸውን ሳማ አጠገቤ ተቀምጠህ ቡና ትጠጣ ነበር?»

«አዎ።»

ዶን ፕላሲዶ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ሬሚሂዮ ያባርሩኛል ብሎ ነበር የጠበቀው። እሳቸው ግን ማንንም አያዩም ነበር።

«ሆስፒታል እያለች ‹ስልኬን ስጠኝ፣ ሬሚ መልሶልኝ እንደሆነ ልይ› ትለኝ ነበር» አሉ። «በየቀኑ። እኔ ደግሞ ዕረፊ፣ በቃሽ ብዬ ደበቅኩባት። ስትለፈልፍ አጽዳ፣ አጽዳ ትል ነበር። ቤቱን የምትለኝ መስሎኝ መጥቼ ቤቱን አጸዳሁ።» ቀና ብለው ሬሚሂዮን አዩት። «አልተምታታባትም ነበር ማለት ነው።»

«አልተምታታባቸውም።»

«እንግዲያው መልስላት።»

ሬሚሂዮ ስልኩን አወጣ። የተዘጋውን ጥቆማ ከፈተውና፣ ዛሬ እስከ መጨረሻው አንብቦ፣ ከሥሩ ጻፈ፦ «መምህር፣ ገጽዎ ትክክል ነው። የሚታረመው የኔ ቁልፍ ነው፤ ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ላከው።

ከመስኮቱ ሥር ካለው ቁም ሣጥን መሳቢያ ውስጥ አንዲት አጭር ደወል ተሰማች።

ሁሉም ዞሩ። ዶን ፕላሲዶ ተነሥተው መሳቢያውን ሳቡት። የሚስታቸው ስልክ ነው፤ ይኸው ዘጠኝ ቀን ባትሪው ባለቀ ቁጥር እየሞሉ መልሰው እዚያው ያስቀምጡታል። መነጽራቸውን አደረጉ፤ መልእክቱን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ ስልኩን መሳቢያው ውስጥ በነበረው ቀሚሷ ጠቅልለው ያዙትና በግራ እጃቸው መጥረጊያውን ለሬሚሂዮ ዘረጉለት።

«ከራሱ ጀምር» አሉት። «ቀስ ብለህ። ምንም እንዳይቀር።»

ሬሚሂዮ ተንበረከከ። ሆቪታ መጥታ ከጎኑ ተንበረከከች፤ ገጾቹን ከማኅደሯ አውጥታ ባዶውን ፕላስቲክ ኖራውን እንዲጠርግበት ወለሉ ላይ ያዘችለት።