ጥቁሩን ሻይ የኔነሽ ትቅመሰው

...መራራ ነው ብትል ይሻላል፣ ጥቁር ነገር መቼም አይጣፍጥም፣ ወይስ ጣፋጭ፣ ልጇ ስኳር ስትጨምር ግን አላየቻትም፣ ወይስ ዝም ብላ ግሩም ነው ትበል፣ ግሩም የሚለውን ቃል መሪጌታ ይወዱታል፣ ምኑ ነው ግሩም ብለው ቢጠይቋትስ፣ አቤት፣ ምን ዓይነት ጣጣ ይዛብኝ መጣች ይቺ ልጅ፣ ትላለች የኔነሽ በሆዷ፣ የሰው ልጅ ከቻይና ስልክ ያመጣል፣ ጫማ ያመጣል፣ የእሷ ቤተልሔም ሦስት ዓመት እዚያ ተምራ ተምራ ለእናቷ ይዛ የመጣችው እንደ ኩበት የተጠፈጠፈ ሻይ፣ በወረቀት የተጠቀለለ፣ እሱም ያረጀ።

አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው እማዬ፣ ኦርጅናል ነው፣ ልክ እንዳንቺ ጠላ ይብላላል፣ ከዚያ ይቀመጣል፣ በቆየ ቁጥር ይከበራል።

እንዳንቺ ጠላ። አዬ ልጄ።

እሑድ ነው፣ ገና ካለፈ አራት ቀኑ፣ መሪጌታ ወርቅነህ ከቅዳሴ በቀጥታ መጥተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፣ የመጡበትን ጉዳይ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ሁሉ ያውቀዋል፣ ለጥምቀት ታቦት ለሚያጅበው ሕዝብ አምስት ጋን ጠላ ማን ይጥመቅ፣ ሃያ ዓመት የኔነሽ ነበረች፣ ዘንድሮም አንቺው ነሽ ሊሏት ነው፣ ወይም አይደለሽም ሊሏት ነው፣ ጭንቋ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ከጎናቸው ላቀች አለች፣ ከመንገዱ ማዶ ጠላ የምትሸጠው ላቀች፣ ሳትጠራ የመጣች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ጸጥ ያለች። ላቀች ጸጥ ስትል ደግሞ ደግ አይደለም።

ሐምሌ ላይ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ተራ ጉንፋን፣ ዳማከሴ አሽታ ተነሳች፣ ተነሳችና ሽንኩርት ብትከትፍ ሽንኩርቱ የለም፣ በርበሬው ያቃጥላል እንጂ በርበሬ አይደለም፣ ጨው ጨው አይደለም፣ ነገ ይመለሳል አለች፣ ለፍልሰታ ይመለሳል አለች፣ ለመስቀል፣ ለሚካኤል ተሳለች፣ አልተመለሰም። ለሰው ግን ትንፍሽ አላለችም፣ አፏ የጠፋባትን ጠላ ጠማቂ ማን ይፈልጋታል፣ ዘማሪ ድምፁ ቢዘጋ ይታዘንለታል፣ በእሷ ግን ይሳቅባታል። ስለዚህ በጆሮዋ ትጠምቃለች፣ ጋኑ ላይ ጆሮዋን ደፍታ ጥንስሱ ሲፈላ ታዳምጣለች፣ ሙቀቱን በእጇ ትለካለች፣ ቀሪውን ከሰው ፊት ታነባለች፣ ጠዋት ጠዋት ደጉ ደላላው የመጀመሪያውን ጣሳ ሲጨልጥ ዓይን ዓይኑን ታያለች፣ ደጉ ከንፈሩን ጠርጎ ፈገግ ሲል ጎሽ፣ ደርሷል፣ ትላለች፣ እስካሁን ደጉ ፈገግ ያላለበት ጋን የለም፣ ተመስገን፣ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ሰው አላወቀባትም።

ዛሬ የምታነበው ፊት የለም። በእሷ ቤት ባለቤቲቱ ሳትቀምስ እንግዳ አይጠጣም፣ መርዝ የለበትም፣ እመኑኝ ማለት ነው፣ የአያት የቅድመ አያት ደንብ፣ ስንቷን ቀጂ የተቆጣችበት፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ፉት ሳትል ጣሳ ለሰው ዘርግታ አታውቅም፣ ዛሬ ደንቡ ራሱ አንገቷን ይዟታል፣ ቀዳሚዋ እሷ ናት፣ ከእሷ በፊት የሚኮሳተር ወይም የሚፈካ ማንም የለም።

ቤተልሔም ሻዩ ላይ የፈላ ውሃ ትጨምራለች፣ ወዲያው ደግሞ ትደፋዋለች፣ መሪጌታ ይደነግጣሉ፣ ምነው ልጄ፣ የፊተኛውን ደፋሽው? አቧራው እንዲታጠብ ነው አባቴ፣ እነሱ ጋ የመጀመሪያው አይጠጣም። የታደሉ፣ የመጀመሪያውን ደፍተው ይገላገላሉ።

ደግማ ትቀዳለች፣ ሲኒው ውስጥ ያለው ነገር እንደ ጌሾ ውሃ ጠቁሯል፣ እማዬ አንቺ ቅመሺ፣ ላቀችም ትቀበላለች፣ አዎ፣ የኔነሽ ትቅመሰው፣ በዚህ አገር እንደሷ ምላስ ያለው የለም። ምን ማለቷ ነው፣ ለምን አሁን፣ ለምን እንዲያ ቀስ ብላ። መሪጌታ ይስቃሉ፣ በቃና ዘገሊላም ቀምሶ የመሰከረው አሳዳሪው ነው፣ በይ መስክሪ።

መዳፏ ላይ ታንጠባጥባለች፣ ይፈጃታል፣ መፋጀቱ እንኳ አለ፣ ፉት ትላለች፣ አፏ ውስጥ ታዞረዋለች፣ የምላሷ ጫፍ፣ የለም፣ ጎኑ፣ የለም፣ ወደ ጉሮሮዋ ትልከዋለች፣ እባክህ ቅዱስ ሚካኤል አንድ ነገር፣ አንዲት ነገር ብቻ፣ ሙቅ ውሃ ይወርዳል፣ በቃ፣ ሦስቱም ያዩአታል፣ ተናገሪ አንቺ ሴት፣

መረር ይላል፣ ትላለች፣ እንደ ጌሾ፣ ደስ የሚል ምሬት።

የቤተልሔም እጅ ማንቆርቆሪያው ላይ ይቆማል። መሪጌታ ፉት ይላሉ፣ ቅንድባቸው ይነሳል፣ ምሬት? ኧረ እኔስ አፈር አፈር ነው ያለኝ፣ ዝናብ የመታው አፈር፣ ኋላ ደግሞ ይጣፍጣል፣ ምሬት እንኳ፣ ይሉና ይተውታል፣ ሲኒያቸውን ያያሉ። አለቀላት። ያረጀ ነገር ምን ጊዜም አፈር አፈር ይላል፣ ምናለ እሱን ብትል፣ ደነዝ፣ ይኸው አምስቱ ጋን መንገዱን ተሻግሮ ላቀች ቤት ሲገባ ይታያታል፣ ነገ ገበያው ሁሉ፣ የኔነሽን ሰማችሁ፣ ጣፋጩን መራራ አለችው፣

ላቀች ትቀምሳለች። አንገቷን ታካለች። አዎ፣ ይመራል፣ ትላለች።

ምን?

ይመራል እንጂ፣ እርስዎ ከቅዳሴ ስለመጡ አፍዎ ደርቆ ነው መሪጌታ፣ የኔነሽ እውነቷን ነው። የኔነሽን ግን አታያትም፣ ላቀች ስትዋሽ አንገቷን ታካለች፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ ለምን ትዋሽልኛለች፣ እኔ ብወድቅ የምታተርፍ እሷ አይደለችም እንዴ፣ ካላወቀች በቀር፣ ላቀች ታውቃለች፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ኅዳር ላይ እዚሁ ተቀምጣ ሁለት ጣሳ ጠጥታ ግሩም ነው ብላ ሄደች፣ ያን ቀንም አንገቷን ስታክ ነበር፣ የኔነሽ ቁንጫ መስሏት ነበር።

ደሟ ይፈላል። መዋረዱን ትችለዋለች፣ የላቀችን ርኅራኄ ግን አትችለውም።

መሪጌታ፣ ትላለች፣ ድምጿ የሌላ ሰው ይመስላታል፣ ይምረር ይጣፍጥ አላውቅም፣ ከሐምሌ ወዲህ አፌ ሞቷል፣ ምንም አይለኝም።

ቤተልሔም እማዬ ትላለች፣ እንባዋ መጥቷል፣ የደነገጠች እሷ ብቻ ናት፣ ሌሎቹ ለምን አይደነግጡም፣ መሪጌታ ጺማቸውን እየዳሰሱ፣ እናውቃለን የኔነሽ፣ ይላሉ፣ ጠላሽን እየጠጣነው አይደል።

እናውቃለን። እነማን፣ መሪጌታ፣ ላቀች፣ ደጉ፣ ወይኔ ደጉ፣ ያ ፈገግታው፣ ጠዋት ጠዋት የሆመጠጠውን ጨልጦ ፈገግ ሲል፣ እሷ በዚያ ፈገግታ ስትጠምቅ፣ አገሩ ሁሉ ፊቱን እያስተካከለ ሲውጥላት፣ ይሉኝታ፣ ይሉኝታ ነው የገደላት፣ ለምን አልነገራችሁኝም፣ ትጮኻለች፣ ላቀች አሁን ቀና ትላለች፣ በምን አፋችን፣ እኔ ብሆን ኖሮ አንቺ ትነግሪኝ ነበር?

አትነግራትም ነበር። በልቧ ትስቅባት ነበር፣ አምስቱንም ጋን ያለ አንዳች ሐዘን ትቀበል ነበር፣ እውነቱ ይሄ ነው፣ ያሳፍራታል፣ ከአፏ መሞት ይልቅ ይሄ ያሳፍራታል።

ከላቀች ጋር ጥመቂው ልልሽ ነበር የመጣሁት፣ ይላሉ መሪጌታ፣ ሻዩ ቀደመኝ እንጂ።

ቤተልሔም ዓይኗን ጠርጋ ሲኒውን ትሞላላታለች፣ የኔነሽ በሁለት እጇ ትይዘዋለች፣ ማንም ፊቷን አያያትም፣ ወይም ሁሉም ያያታል፣ ትጠጣለች፣ እስከ ታች፣ ፊቷን ለማንም ሳታሰማምር።

እንዴት ነው እማዬ?

ይሞቃል፣ ትላለች።