የራቁቶቹ ገና

ኮኪ በፈረንጆች ገናም ኬንያ ሞያሌ ያለውን ሻይ ቤቷን አልዘጋችም። ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ ሾፌሮች ቻፓቲ እየበሉ ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ ፈረንሳይ ያለው አንድዬ ልጇ ጃርሶ ነበር፣ በቪዲዮ። ደስ ብሏት ስታነሳው ከጀርባው፣ ምድጃ በሚነድበት አዳራሽ፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ራቁታቸውን ሆነው የገና ዛፍ ሲያስጌጡ አየች። ከመሃላቸው ልብስ የለበሰው ጃርሶ ብቻ ነው፤ ሽርጥ አገልድሟል። ኮኪ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ጓዳ ሮጠች።

«ምን ጉድ ነው ልጄ? ማን ገፈፋቸው?»

«ማንም አልገፈፋቸውም እማ። ራቁት መኖርን መርጠው ነው፤ የመንደሩ ደንብ ነው፤ እኔን ግን አያስገድዱኝም። ደጎች ናቸው፤ ምግብ አበስልላቸዋለሁ፣ ያስጠጉኝም እነሱ ናቸው።»

«በገና እንኳ የሚጠይቃቸው ልጅ የላቸውም?»

«አላቸው። ግን ያፍሩባቸዋል፤ አይመጡም።»

አንዲት አሮጊት ቀረብ ብላ ግንድ ከሚመስል ኬክ ቆርሳ አጎረሰችው። ኮኪ ሳታስበው እጇን አውለበለበችላት። ከዚያ የፈራችውን ጠየቀች።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

ጃርሶ አቀረቀረ። «መንግሥት ጥገኝነት ከለከለኝ። ከዚህ መንደር ከወጣሁ ፖሊሶች ይይዙኛል።»

«ቢይዙህስ? ወደ እኔው ይልኩህ የለ!»

ጃርሶ ስልኩን ከፊቱ ወደ ዛፉ አዞረው። ኮኪ ገባት፤ ልጇ ከመያዙ ይልቅ ባዶ እጁን መመለሱን ነው የሚፈራው። ከኋላው መዝሙር ተጀመረ።

«እየጠሩኝ ነው እማ» አለና ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ በደወለ ቁጥር ስለ ጤናው ትጠይቀዋለች እንጂ፣ መቼ እንደሚመጣ ጠይቃው አታውቅም።