ያሰረ ይፍታ

አይናዲስ የወፍጮውን ሞተር ድንገት ስታጠፋው፣ ወረፋ የያዙት ሴቶች ጆሯቸው ጭው አለባቸውና እርስ በርስ ተያዩ። የአንዷ ጤፍ ገና ግማሹ ነው የወረደ።

«ምነው አይናዲስ፣ መብራት ሄደ እንዴ?»

«መብራቱስ አለ። ሂያጇ እኔ ነኝ።»

«ኧረ የኛስ እህል? ጾሙን በጥሬ ዋሉ ነው የምትይ?»

«ነገ ኑ። ዛሬ እዚህ ብቆም ከእህሉ ጋር ጣቴንም እፈጨዋለሁ።»

ዱቄት ያነጣውን ሻሿን ፈታ አራገፈች፣ መልሳ ጠመጠመች፣ በሩን ቆለፈችና ከቁይ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደውን ሚኒባስ ለመጠበቅ መንገድ ዳር ወጣች። ነሐሴ ነው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። እሷ ግን ጭቃውንም ዝናቡንም አላየችው፤ የሚታያት የእናቷ ፊት ብቻ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰች ጎረቤት ናት የነገረቻት። ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ቆራቢው ሁሉ ወደ ሥጋ ወደሙ ሲቀርብ፣ እናቷ እማማ ስሜነሽ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያሉ ከበሩ ወጡ። ዝናብ ላይ ቆመውም እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኚህ ሴት ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ሠላሳ ፍልሰታ አንድም ሳያጓድሉ የቆረቡ ናቸው። ዘንድሮ ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪሙም «እንግዲህ የሚወዱትን አድርጉላቸው» ብሎ ከሸኛቸው ሰነበተ። የሚወዱት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቆርቦ መሞት። ይህንን ነው የተነፈጉት።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጆቼ።

ቄስ አካለ ወልድ ለሃያ ዓመት የዚያች ደብር ሰባኪ፣ የእነ አይናዲስም የንስሐ አባት ነበሩ። አንደበታቸው ማር ነው። ስብከታቸውን ሊሰማ ከጉንደ ወይን በእግሩ፣ ከደምበጫ በመኪና የሚመጣ ነበረ። ሐዘን የገባበትን ቤት ሳይጠሩ ይደርሱለታል፤ የታመመ ጠይቀው አይጠግቡም። ይህን አይናዲስም አትክደውም። ክፉ ሰው ቢሆኑማ ኖሮ እንዲህ ባልተቃጠለች።

ኋላ የማዳበሪያው ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ ስለ ማዳበሪያ ይሰብኩ ጀመር። ሕዝቡ እልል አለ። ስለ መንገዱ ሰበኩ፤ እልልታው ባሰ። «ይህ አንደበትማ ፓርላማ ነው የሚገባው» አላቸው አንዱ። ቃሉ ጣፈጣቸው መሰለኝ፣ በግል ተወዳዳሪነት ተመዘገቡ። የምርጫ ምልክታቸው ጃንጥላ ሆነ። ፊት ለፊታቸው የቆመው መምህር ሙሉቀን የሚባል የትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ የእሱ ምልክት ጎጆ ቤት።

ፖለቲካ የሚገባ ካህን መስቀሉን እንዲያስረክብ በቤተ ክህነት ይታዘዛልና፣ ሊያስረክቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው የመጨረሻ ስብከታቸውን ሰበኩ። መጨረሻው ላይ መስቀሉን ከፍ አደረጉ።

«በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻችኋለሁ! የዚህ ደብር ልጅ ሆኖ ጃንጥላውን ትቶ ሌላ ላይ ምልክት ያደረገ፣ ከሥጋ ወደሙ የተለየ ይሁን!»

የዚያን ቀን እልልታ አልተሰማም። በማግስቱ መስቀሉን አስረክበው ሱፍ ለበሱ።

ግዝት በእኛ አገር የዋዛ ነገር አይደለም። ወንድማማች በመሬት ተጣልቶ በዱላ ሲፈላለግ፣ ካህን መሃል ገብቶ «ገዝቻለሁ» ካለ የተሰነዘረው ዱላ ባለበት ይቀራል። ደም እንዳይፈስ ማቆሚያ ነው። እሳቸው ግን ለድምፅ መልቀሚያ አዋሉት። ያን ቀን አንድም ደፋር ተነሥቶ «ኧረ ይህ ነውር ነው» አላለም። አይናዲስም እዚያው ነበረች፤ እሷም አላለችም። ንዴቷ ግማሹ የራሷ ነው።

ሰኔ ላይ ምርጫው ደረሰ። እማማ ስሜነሽ ሁለቱንም ዐይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ቅርጽ ቅርጹን ብቻ ነው የሚለዩት፤ ቢሆንም «ማንም እንዳይገባብኝ» ብለው ብቻቸውን ከመጋረጃው ገቡ፣ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው እየሳቁ ወጡ።

«በደንብ አርጌ ነው ጃንጥላው ላይ ያተምኩበት። ደግሞ ሲያምር! በሩ ሳይቀር ይታያል።»

«የምኑ በር?» አለች አይናዲስ።

«የጃንጥላው ነዋ።»

«ጃንጥላ ምን በር አለው፣ እማዬ?»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ጎጆው ላይ ነበር ያተሙት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እማማ ስሜነሽ ራሳቸውን ከሰው ቆጥረው አያውቁም። ምግብ ሲቀርብላቸው «ለተለየ ሰው ምን ያደርግለታል» ይላሉ።

አዲሱ የደብሩ ካህን ቄስ አምደሚካኤል ቤት ድረስ መጥቶ ለመናቸው። «እማማ፣ ያለ አግባብ የተጣለ ግዝት አያስርም። አስሮኛል ካሉም እኔ እፈታዎታለሁ።»

«አንተማ የዋህ ነህ ልጄ» አሉት። «ያሰረ ይፍታ ነው ሕጉ። ያሰሩኝ እሳቸው ናቸው።»

እንግዲህ አይናዲስ ወፍጮዋን ዘግታ የወጣችው ያሰረውን ሰው ፍለጋ ነው። ቄስ አካለ ወልድ አሸንፈው፣ ያን ቀን ደብረ ማርቆስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለደጋፊዎቻቸው ምስጋና ያቀርቡ ነበር። በር ላይ የቆመው ይሄይስ ነው። ድሮ ስብከታቸውን በስልክ እየቀረጸ የሚለቅ ልጅ ነበረ፤ ዛሬ ክራባት አስሮ ጸሐፊያቸው ሆኗል።

«ቀጠሮ አለሽ?»

«ከሃያ ዓመት በፊት ነው የተያዘልኝ። የንስሐ አባቴ ናቸው።»

«አሁን ክቡር ተመራጭ ነው የሚባሉት። ደሞ ምንጣፉ ላይ ዱቄት አታራግፊ።»

«ይህ ዱቄት ነው አንተን ክራባት ያሳሰረህ! ሂድና ጥራቸው። አለዚያ እዚሁ ቆሜ እጮሃለሁ፤ ጩኸቴ ደግሞ ከወፍጮ ሞተር በላይ ነው፣ ታውቀኛለህ።»

ያውቃታልና ጠራቸው።

ቄስ አካለ ወልድ ፈገግ ብለው መጡ። «አይናዲስ ልጄ! እማማ ደህና ናቸው?» እሷም ከልማዷ መስቀል ልትሳለም ጎንበስ አለች። እጃቸው ላይ ያገኘችው ስልክ ነው። ቀና አለችና ሁሉንም ሳታቋርጥ ነገረቻቸው፤ ጎጆውን፣ በሩን፣ ዝናብ ላይ የተለቀሰውን ልቅሶ።

ፈገግታቸው ጠፋ። ክንዷን ይዘው አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቧት፤ ይሄይስ ተከትሎ በሩን ዘጋ።

«ድምፅሽን ቀንሺ ልጄ።»

«ለምን እቀንሳለሁ? ሲገዝቱ እኮ በድምፅ ማጉያ ነበር። አሁን ይፍቱልኝና ልሂድ።»

«አልገባሽም» አለ ይሄይስ። «መምህር ሙሉቀን ለምርጫ ቦርድ ቅሬታ አስገብቷል፤ መስካሪ ብቻ ነው ያጣው። ግዝት ነበረ ከተባለ ወንበሩ ይሄዳል። ፈታሁ ማለት፣ ገዝቼ ነበር ማለት ነው።»

«ታዲያ አልገዘቱም?»

ቄስ አካለ ወልድ ላባቸውን ጠረጉ። «ስሚኝ አይናዲስ። ለእማማ ዐይን አዲስ አበባ ሐኪም አለኝ። መኪና ልኬ አስወስዳቸዋለሁ፣ ሞራው ይገፈፍላቸዋል...»

«ሞራው የወጣባት አምና ነው እንዴ? ሃያ ዓመት ሲያይዋት አልታየዎትም? እኔ ዐይን አልጠየቅሁም። ቆርባ ትሙት ነው የምልዎት! ስሟን ይጥሩና አንዲት ቃል ይበሉላት፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ... እሺ። በጸሎት አስባቸዋለሁ። የክርስትና ስማቸው... ማን ነበር?»

ከአዳራሹ ጭብጨባ ይሰማል።

ንስሐ አባት የልጁን ስም ረሳ ማለት፣ እረኛው መንጋውን ሳይሆን በትሩን ብቻ ነበር የሚቆጥረው ማለት ነው። አይናዲስ አንቱታውን የዚያን ጊዜ ጣለችው።

«ወለተ ሐዋርያት!» አለች፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ወለተ ሐዋርያት ነው ስሟ! ቤታችን እየመጣህ፣ ጠበል እየረጨህ፣ 'በጸሎት ስጠራት ውዬ አደርኩ' ስትላት አልነበረም? ስሟን ሳታውቅ ነው ሲኦል የላክሃት?»

ስልኳን አወጣችና ለእናቷ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፊታቸው ያዘችው። ከወዲያ በኩል የቆርቆሮ ጣሪያ የሚደበድብ ዝናብ ተሰማ፤ ቀጥሎ የደከመ ድምፅ።

«ማነው?»

«እማማ ስሜነሽ... አካለ ወልድ ነኝ።»

«አባ! እርስዎ ነዎት? እግዚአብሔር ያክብርዎት። ይፍቱኝ አባ፣ ተሳስቼ ነው።»

«ምንም የለብዎትም እማማ። በሰላም ይቁረቡ።»

«እንዴት ምንም የለብኝም? በግዝት አስረውኛል እኮ። 'ገዝቼ ነበር፣ አሁን ፈትቻለሁ' ይበሉኝና ልቤ ይረፍ።»

ይሄይስ ራሱን ነቀነቀ፤ ጣቱንም ከከንፈሩ ላይ አደረገ። ቄስ አካለ ወልድ ጸሐፊያቸውን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ አይናዲስን ግን አላዩም።

«እማማ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ምክር ነው የሰጠሁት።»

«አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«መስቀሉን አንሥተው ጴጥሮስን ጳውሎስን የጠሩት?»

«ለምክር ያህል ነው...»

«ከሥጋ ወደሙ የተለየ ይሁን ያሉትስ?»

«እማማ፣ ግዝት አልነበረም አልኩዎት!»

እማማ ስሜነሽ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። አይናዲስ እናቷ የወደቁ መስሏት «እማዬ!» አለች። ሲመለሱ ግን ድምፃቸው ሌላ ሆኖ መጣ፤ ወጣት ሳሉ ዱር የሚገባ ከብት የሚመልሱበት ድምፅ።

«እንግዲያ ሁለት ወር ሙሉ ለከንቱ ነው ያነባሁት። እኔ እኮ አባ፣ እግዚአብሔርን የፈራሁ መስሎኝ ነበር። የፈራሁት እርስዎን ኑሯል። ይህ ኃጢአቴ ነው፤ ለዚያ ለልጁ ለአምደሚካኤል እናዘዘዋለሁ፣ ይሰማኛል። የእርስዎን ግን ማን ይስማልዎት?»

ስልኩ ተዘጋ።

ቄስ አካለ ወልድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ይኸው፣ እፎይ አሉ። በቃ ተፈቱ። ሰላም ነን አይደል ልጄ?» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት።

«አልፈታሃትም» አለች አይናዲስ። «ፈትተሃት ብትሆን እግርህን በሳምኩ። ክደሃት ነው የተፈታችው። ለወንበርህ ስትል የራስህን ቃል ገደልከው።» በሩን ከፍታ ወጣች። ይሄይስ ከኋላዋ «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!» ሲል «ይስማ!» አለችውና አዳራሹን በዱቄታም ጫማዋ አቋርጣ ሄደች።

በማግስቱ እማማ ስሜነሽ ለቄስ አምደሚካኤል ተናዘዙ፤ እሑድ ቆረቡ። አይናዲስ ግን ቅዳሴውን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ነው የቆመችው። እናቷ እፎይ ብለዋል፤ እሷ አላለችም። ከፊቷ የቆመውን ምእመን ሁሉ እያየች «ይህ ሁሉ ሰው 'አልነበረም' ለተባለ ነገር ነው የተንቀጠቀጠው» ትላለች በልቧ።

ከቅጽሩ ሲወጡ አያ ይርዳው መንገድ ላይ አገኟቸው። የመምህር ሙሉቀን አጎት ናቸው፤ ሙሉቀንን አባቱ ሲሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«እማማ ስሜነሽ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት! ኧረ ለመሆኑ ማን ፈታዎት?»

የቆረበ ሰው አይናገርምና እማማ ስሜነሽ አፋቸውን በነጠላ እንደ ሸፈኑ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ማንም አልፈታት አያ ይርዳው» አለች አይናዲስ። «ግዝት አልነበረም ብሏል፤ በገዛ አፉ፣ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«አልነበረም ብሏል። ምክር ነው ብሏል።»

አያ ይርዳው ከጭቃው መሃል ቆሙ። ከኋላቸው የሚመጣው ሰውም እየደረሰ ቆመ።

«ምክር?» አሉ። «በምክር ነው እኔ ለወንድሜ ልጅ ድምፄን የነፈግሁት? ጃንጥላው ላይ ያተምኩት? አሳድጌው፣ ድሬው፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ፊቱን ማየት አፍሬ ቤቱን በጓሮ ነው የምዞረው! በምክር ነው?»

«እኔም ለልጆቼ ስል ነው» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። «እኔም» አለ ሌላው።

«የሙሉቀንን ቅሬታ የሚሰሙት ሰዎች አሁንም አሉ ወይ?» ሲሉ ጠየቁ አያ ይርዳው።

«አሉ» አለች አይናዲስ። «ምስክር ጠፋ ተብሎ ሊዘጉት ነው።»

አያ ይርዳው ሌላ አልጠየቁም። በጓሮ የሚያዞረውን መንገድ ትተው፣ በትራቸውን ጭቃው ውስጥ እየሰኩ፣ በቀጥታ ወደ ሙሉቀን ደጅ መራመድ ጀመሩ። አይናዲስ እናቷን ደግፋ ከኋላ ተከተለች፤ ከእሷም ኋላ ሌላው።

«ቀስ ይበሉ አያ ይርዳው፣ ያዳልጣል!»

«ያዳለጠኝማ ሰኔ ላይ ነው!» አሉ ሳይዞሩ።