የቁም ፍትሐት

እኔ ሩሐማ፣ ሰው ሁሉ «ቁጡ ናት» የሚለኝ፣ በገዛ ጆሮዬ የራሴን ፍትሐት ሰምቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ፀሐይወርቅ ታማ አረፈች። እናታችን ከሞተች ወዲህ እኔንም ታናሽ ወንድማችንን አስናቀንም ያሳደገችን እሷ ናት፤ «እትዬ» ነበር የምንላት። የቀበርናት ከከተማችን ሐይቅ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጉድጓዱ ሲቆፈር ከሥሩ ውሃ አመነጨና ቆፋሪዎቹ በባልዲ እየጨለፉ አወጡት። በቁሟ ውሃ የምትፈራ እህቴን እዚያ ሊያስተኟት ነው።

መምሬ ወልደ ጻድቅ ፍትሐቱን ሊጀምሩ ሲሉ ስመ ክርስትናዋን ጠየቁ። አስናቀ ፈጠን ብሎ «ወለተ ሐና» አላቸው።

ወለተ ሐና እኔ ነኝ። እትዬ ወለተ ኪዳን ናት። ግን ቤታችን ውስጥ ሲጠራ የሚሰማው የክርስትና ስም የእኔ ብቻ ነበር። ሲያመኝ ወይም ሲከፋኝ እትዬ ራሴን እየዳበሰች በዚያ ስም ትጠራኝ ነበር። አስናቀ ከእሷ አፍ ሲሰማው ስለኖረ የራሷ መሰለው።

«አዕርፍ እግዚኦ ነፍሳ ለአመትከ ወለተ ሐና» ብለው መምሬ የእኔን ነፍስ አሳርፍ አሉ።

«ኧረ እኔ ነኝ! ወለተ ሐና እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ያዙኝ። «አይዞሽ እቴ! እኔ ልቀበር እያለች እኮ ነው፣ አፈር ስሆን!» አለች አንዷ እያለቀሰች። «በእሷ ፈንታ እኔ ልግባ» የማይል ሐዘንተኛ የለምና እኔንም እንደዚያ ሰሙኝ። በጮኽኩ ቁጥር አብረውኝ አለቀሱ። መምሬ ስሜን እየደጋገሙ ጨረሱ፤ አፈሩም ተመለሰ።

ድንኳን ውስጥ አስናቀን ያዝኩት። «እግዜር እንደሁ ሰው አይምታታበትም፤ ምን አስጨነቀሽ?» አለኝ። ድሮም እሱ ያበላሸውን የሚያቃናው እግዜር ነው።

መምሬ ግን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «በአርባዋ በስሟ እንፈታታለን» አሉ። «እስከዚያ ድረስ ግን ልጄ፣ በክርስትና ስምሽ የጠራሽ ቢኖር አቤት እንዳትይ።»

«ማን ይጠራኛል አባ? በዚያ ስም የምትጠራኝ እሷ ብቻ ነበረች እኮ።»

«እኔ እንጃ። የሰው ስም ይዛ የሄደች ነፍስ ባለቤቱን ፍለጋ ትመለስ ይሆናል። አቤት ካልሽ ግን ይዛሽ ትሄዳለች። ብቻ አቤት አትበይ።»

ሐዘን ተቀምጠን ስናበቃ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የፋብሪካው ሰርቪስ የሚያነሳኝ ከሐይቁ ዳር ነው። አንድ ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ውሃው ዳር ከበቀለው ደንገል ውስጥ «ወለተ ሐና» አለችኝ። የእትዬ ድምፅ ነው። ራስ የሚዳብሰው ድምፅ። አቤት እንዳልል ነጠላዬን ነክሼ ሰርቪሱ ውስጥ ገባሁ።

ሌላ ቀን ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን አጥር ሥር ጠራችኝ። ቀጥሎ ከጓዳ፣ ልብስ ሳጣጥፍ፣ ልክ ከኋላዬ። ስዞር ማንም የለም። ሲሚንቶው ግን ረጥቧል፤ የሐይቅ ጭቃ ይሸታል። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብዬ በራሴ ልስቅ ሞከርኩ፤ ሳቁ እምቢ አለኝ። ፈርቼ ነበር። ከፍርሃቱ የባሰው ግን ናፍቆቱ ነው። ምናለ ድምፁን በጠላሁት!

የአርባዋ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ለተዝካሩ ምስር ስለቅም እንደገና መጣች። «ወለተ ሐና፣ በረደኝ» አለች።

አንጀቴ አልቻለም። «አቤ—» ስል ጉልበቴ ድረስ ሐይቁ ውስጥ ቆሜያለሁ። ከቤት እንዴት እንደወጣሁ፣ በየት በኩል እንደመጣሁ አላውቅም። አንድ ታንኳ ቀዛፊ «አንች ሴትዮ! ወዴት ነው?» እያለ ይጮኻል። የቀረችውን «ት» ዋጥኩና ወደ ዳር ወጣሁ።

በማግስቱ መምሬ መቃብሯ ላይ ቆመው «ወለተ ኪዳን» አሉ። ከሴቶቹ መሃል፣ ከጀርባዬ፣ አንዲት ድምፅ ቀስ ብላ «አቤት» አለች። መምሬ አንድ አፍታ ቆም አሉና ቀጠሉ። እኔ አልዞርኩም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ እህቴን የቀበርኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠርታኝ አታውቅም። አስናቀ «እግዜር አይምታታበትም አላልሁሽም?» እያለ ይፎክርብኛል። የእኔ ቀን ሲደርስ ደግሞ የሌላ ሰው እንዳይሰጥ ስሜን በቃሉ አስጠንቼዋለሁ።

ጠዋት ጠዋት ሰርቪሱ እስኪመጣ ደንገሉ ዳር እቆማለሁ። ነጠላዬን አልነክስም። ብትጠራኝ አቤት እላት ነበር።