መብራት በሌለበት የተመረጠ ቤዝ

«አምስት ጎራሽ ነው ያልከው?»

እትዬ ካሰች የልጃቸውን የጃኬት እጅጌ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። ይርሳው ስልኩን ገና ከጆሮው አላወረደም።

«ምን አምስት ጎራሽ አመጣው እማዬ?»

«ሰምቼሃለሁ! ‹ባለ አራቱ ቀላል ነው፣ ባለ አምስቱ ግን ይከብዳል፤ መሣሪያውን አይቼ እመርጣለሁ› አላልክም? እኔ ቤት መሣሪያ አይገባም! አባትህ እንኳ ያን ያህል ወንድ ሆኖ ከዱላ በቀር አልያዘም።»

የእትዬ ካሰች ጆሮ እንዲህ ነው። ጎረቤት በአጥር ላይ የሚነግራቸውን ሦስቴ ካልደገመላቸው አይሰሙም፤ ክፉ ነገር ሲሆን ግን ጓዳ ተቀምጠው ይለቅሙታል። ደግሞም አይፈረድባቸውም። በዚህ ዘመን ፍኖተ ሰላም ላይ ጮክ ብሎ «መሣሪያ» ያለ ሰው ቢያስደነግጥ አይገርምም።

«የሙዚቃ ነው! ቤዝ ጊታር። ባለ አራት ክር፣ ባለ አምስት ክር።»

«ክር?»

«አዎ፣ ክር። እንደ ክራር።»

«ክራርማ ስድስት ነው» አሉ እትዬ ካሰች። ልባቸው ትንሽ መለስ ቢልም እጅጌውን አልለቀቁም። «መንገድ ላይ ያሉትስ? ከሩቅ ክሩን ቆጥሮ የሚያሳልፍህ አለ?»

ይርሳው ቀስ ብሎ እጃቸውን አላቀቀና ወጣ።

ሰውየው ቀን ቀን የብረት በር ሲበይድ ይውላል። ሰርግ ሲገኝ ደግሞ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ባንድ ነው። ዘንድሮ እነሱ ከሚጫወቱበት ሰርግ የሚሰረዘው ይበልጣል፤ ቢሆንም ይርሳው ሳምንቱን ሙሉ የብየዳ ጭስ ሲውጥ የሚኖረው ለዚያች አንዲት ቀን ነው። ሲጫወትበት የነበረው ቤዝ የውሰት ነበር። ባለቤቱ ባህር ዳር ሲገባ ይዞት ሄደ። ኪቦርድ የሚመታው ገነነ፣ የባንዱ አለቃ ነኝ ባይ፣ ነገሩን በአጭሩ ቋጨው፦ «ለእሑዱ ሰርግ ቤዝ ይዘህ ከመጣህ መጣህ። ካልመጣህ በግራ እጄ እሸፍነዋለሁ። ሰርገኛ እንደሆነ ልዩነቱን አያውቅም።»

ልዩነቱን የማያውቅ ሰርገኛ መኖሩ እውነት ነው። ይርሳውን ያስጨነቀውም ይኸው ነበር። አንዴ በገነነ ግራ እጅ ከተሸፈነ በኋላ ማንም ተመልሶ አይጠራውም።

የሚሸጡት ሁለቱ ቤዞች ያሉት ቡሬ ነው፤ መንገዱ በዚያ ሳምንት ስለተከፈተ በሚኒባስ ሄደ። ተሳፋሪው እየወረደ ተፈተሸ፣ እየተሳፈረ ደግሞ ወረደ። አንደኛው ኬላ ላይ አንድ ሽማግሌ በጋቢ ጠቅልለው የያዙትን ነገር ከሩቅ እንዲጥሉ ተጮኸባቸው። ወርውረው እጃቸውን አነሱ። ጋቢው ተፈቶ ጥላ መሆኑ ሲታይ የሳቀ አልነበረም። ሽማግሌው ጥላቸውን አነሱና በጋቢው ሳይጠቀልሉ ተሳፈሩ።

ቡሬ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። ይርሳው የሚያውቀው ደሞዝ የሚባል ነጋዴ ስልክና ሞንታርቦ በሚሸጥበት ሱቅ ከጣሪያው ሥር ቀይ ቤዝ ሰቅሏል፤ ባለ አራት ክር።

«ኦሪጅናል ነው» አለ እያወረደው።

«የየት አገር?»

«ኦሪጅናል ቻይና።»

«ጄኔሬተር የለህም? ድምፁን ልስማው።»

«ነዳጅ ካመጣህ ጄኔሬተሩ አለ። አንተ ደግሞ! እንዲህ የሚያብለጨልጭ ዕቃ በዓይን ነው የሚገዛ።»

ይርሳው በዓይኑ አልገዛም። የጊታሩን ጫፍ ከሱቁ የእንጨት በር ጋር አስደገፈና ጆሮውን ሳንቃው ላይ ለጥፎ ክሩን መታ። መብራት ሲጠፋ የሚለማመደው እንዲህ ነው፤ ሳንቃው ድምፁን ተቀብሎ ያጎላዋል። የሰማው ግን ቆርቆሮ ነበር። ወፍራሙ ክር ከአንገቱ ሽቦ ጋር እየተጋጨ ይንጫረራል። ገልብጦ ጀርባውን አየ። አንገቱ ከገላው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው።

«እንደ በር ማጠፊያ ነው የገጠሙት» አለ።

«ታዲያ አንተ በር ሠሪ አይደለህ? ተስማማችሁ።»

«ሌላ አይቼ ልመለስ።»

«ሌላው መሪጌታ ቤት ያለው ነው?» ደሞዝ ጊታሩን ወደ ቦታው ሰቀለ። አሁን አይቀልድም። «እሱ ከባድ ነው።»

መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ይርሳው ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል በትከሻው ያዙትና አስቀመጡት። ከቁም ሳጥኑ ጎን ረጅም ጥቁር ቦርሳ አመጡ። የተረከቡት ዕቃ ይመስል በሁለት እጃቸው አቀበሉት።

ባለ አምስቱ ነው። እንጨቱ ጠቆር ያለ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ በመታሸት ብዛት የለሰለሰ። ይርሳው ጫፉን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፎ ወፍራሙን ክር መታ። ጆሮውን ማስጠጋት አላስፈለገውም። ድምፁ በወለሉ በኩል ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ደረቱ ወጣ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንሾካሾኩ። ብቻውን ፈገግ አለ። እንዲህ ያለውን የገነነ ግራ እጅ ሰባት ዓመት ቢለማመድ አያመጣውም።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ልጄን ዜማ ላስተምረው ብዬ ነበር» አሉ። «እሱ ግን ከዜማው ሥር ያለውን ወደደ። እንደ ተማሪዎቼ ‹የኔታ፣ እርስዎ ዘንድ ከበሮ አለ አይደል? ይኸም ከበሮ ነው፤ ክር ያለው ከበሮ› ይለኝ ነበር።»

«ጥሩ እጅ ነበረው ማለት ነው፤ ከእንጨቱ ያስታውቃል። ባለቤቱ ሄዷል ሲሉኝ አዲስ አበባ መስሎኝ ነበር። የት ነው ያለ?»

«ቅርብ ነው። ጊዮርጊስ ነው ያለ።»

ይርሳው «ያገለግላል?» ሊል አፉን ከፈተና የሽማግሌውን ፊት አየ። እጁ ክሩ ላይ ቀረ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት የኔታ። አልሰማሁም።»

«ከሰርግ ሲመለስ ነው። በትከሻው አንግቦታል። ‹ጣል!› አሉት። እንግዲህ ልጄ ይኸን ዕቃ ጥሎ አያውቅም። እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ቀስ አድርጎ መሬት ሊያስቀምጠው ጎንበስ አለ።» መሪጌታ ጎንበስ ብለው አሳዩት፤ ከዚያ ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው።

«እነማን ናቸው?»

«የጠየቅነው ሁሉ ‹እኛ አይደለንም› አለ። ዕቃው ግን ጭረት እንኳ አላገኘውም፤ እየው።»

ይርሳው ጊታሩን ገልብጦ አየ። እውነትም ጭረት የለበትም። ብሎንም የለበትም። ከራሱ እስከ ጫፉ አንድ ወጥ እንጨት ነው፤ ድምፁን ያደመቀውም ይኸው ነው። በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ከዚያ ርዝመቱን ከትከሻው ጋር ለካው፤ ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ሰው ምን እንደሚመስል አሰበ።

«በዋጋ አልከራከርህም» አሉ መሪጌታ። «እዚህ ጥግ ዝም ብሎ ከሚቆም ሰርግ ቤት ይጩህ። አንተ ትችልበታለህ፤ ሰምቻለሁ።»

ይርሳው ወፍራሙን ክር አንዴ ደግሞ ነካውና እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠው።

«የኔታ፣ የሱቁን ልወስድ ነው።»

«ድምፁ አልጣመህም?»

«ድምፁማ! ያኛው ከዚህ አጠገብ አይቆምም። እሑድ ስመታው ሰርገኛው ባይስቅብኝ ገነነ ይስቅብኛል።» ዓይናቸውን እየሸሸ ጊታሩን በሁለት እጁ መለሰላቸው። «ግን የሱቁ አንገቱ በብሎን ነው። በካቻቢቴ ለሁለት ከፍዬ የበርበሬ ጆንያ ውስጥ እከተዋለሁ። ይኸ አይፈታም።»

መሪጌታ ጊታሩን ተቀብለው ቦርሳው ውስጥ አስተኙት። ዚፑን እስከ ጫፉ ዘጉት።

«ባለቤቱ ግን ተፈትቷል» አሉ፤ «በሰባት ቄስ።»