የአራተኛው ዘፈን እስትንፋስ

«እስትንፋሱን በደንብ ሰምቼዋለሁ እኮ» አለ ልብስ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አጭር ነው። ትንሽ ታፈን ይልና ከዚያ ይለቃል።»

አስተማሪዋ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች። አባቷ ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሲሞት አጠገቡ ማንም እንዳልነበረ ነው የነገሯት፤ ታዲያ ይሄ ሰውዬ የሰማው ምኑን ነው?

«የቱ ጋ?» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ኤሌክትሪሻን።

«ሁለተኛው ገጽ፣ አራተኛው ዘፈን። ሴትዮዋ ልትገባ ስትል።»

«እሱማ የካሴቱ ሹክሹክታ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነገርኩህ።»

የአስተማሪዋ ነፍስ መለስ አለች። ሻዩን አደለቻቸው፤ ሦስቱም ቀና ብለው «ተባረኪ» አሏትና መልሰው አቀረቀሩ።

እነዚህን ሰዎች ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። ልብስ ሰፊው፣ ኤሌክትሪሻኑና ጋሽ ባስ ከአባቷ ጋር ሙዚቃ የሚያዳምጡ ጓደኞቹ ናቸው። ጋሽ ባስ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የሞተር ጩኸት ግራ ጆሮውን በልቶበታል፤ በቀኙ ግን ማንንም አያስቀድምም። «ሁለት ጆሮ ያለው ሰው ይዘናጋል» ይላል። ሌላው ለቅሶ ደራሽ ገብቶ፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ትንሽ አውርቶ ይሄዳል። እነሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጀምሮ የተዘጋው የአባቷ ሙዚቃ ማዳመጫ ክፍል በር አጠገብ ያለችውን ጥግ ይዘው አንነቃነቅ ብለዋል። አክስቷ፣ «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው፤ ሲንሾካሾኩ እንኳ ስለሱ ነው» ብላ አልቅሳላቸዋለች። ምስኪን አክስት። የሚንሾካሾኩት ስለ አንድ አልበም ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። አልበሙ ስምንት ዘፈን ነው፤ አራት በዚህ ገጽ፣ አራት በዚያ። ሸክላውን ሦስቱም ቤታቸው አላቸው። ሟቹ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከሸክላው ላይ ወደ ካሴት ቀድቶ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቅጂ ሰጥቷቸው ነበር። ካሴት መቼም ከሸክላ አይበልጥም። ይሄ ግን በለጠ። ሸክላው ላይ ሴትዮዋ ከሩቅ ትዘፍናለች፤ ካሴቱ ላይ ግን እዚሁ ክፍል ውስጥ ያለች ነው የምትመስለው፣ ግድግዳውና ጣሪያው ሳይቀር ይሰማል። የመጨረሻው ዘፈን ሊጀምር ሲል ደግሞ፣ ዝምታው ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ እስትንፋስ አለች። ሸክላው ላይ የለችም።

ልብስ ሰፊው፣ ሟቹ ለማንም ያላሳየው የመጀመሪያው ህትመት ሸክላ ነበረው፣ እስትንፋሱም የዘፋኟ ነው ይላል። ኤሌክትሪሻኑ ደግሞ እስትንፋስ የሚባል ነገር የለም ባይ ነው። ጋሽ ባስ፣ «የሱ መርፌ ሌላው መርፌ የማይደርስበት ደርሶ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሟቹን ሲጠይቁት ፈገግ ይልና፣ «ከማጫወቻው ወደ ቴፑ በጥሩ ገመድ ቀዳሁት፣ ሌላ ምስጢር የለውም» ይላቸው ነበር። አመኑት። ስፒከር ፊት ማይክ ደቅኖ የሚቀዳ ሰው በነሱ ዘንድ ስሙም አይጠራም፤ «እሱስ ጆሮውን ለሚጠቀምበት ሰው ቢሰጥ ይሻለዋል» ብሎ የፈረደውም ራሱ ሟቹ ነው። አሁን ምስጢሩን ይዞት ሄደ። ሦስት ሽማግሌ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ የሚከራከረው በዚህ ነበር። ሐዘናቸውም ይኸው ነው፤ ሌላ አለቃቀስ አያውቁም።

አስተማሪዋ ደግሞ ጭራሽ እንባዋ እምቢ ብሏታል። ሰው ሲያቅፋት ትከሻዋን ትሰጣለች፣ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው። ለምን እንደሆነም ታውቀዋለች።

አባቷ የሊፍት ጠጋኝ ነበር። ጆሮውን ብረቱ በር ላይ ለጥፎ «የላይኛው ኩሽኔታ አልቋል» ካለ፣ ሲፈታ አልቆ ይገኛል። ቀኑን ሙሉ የሞተር ጩኸት ሲሰማ ውሎ ይመጣና እጁን ይታጠባል፣ ክፍሉን ይከፍታል፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ፀጥ ማለት አለበት። ማንኪያ አይንኳኳም፣ ወንበር አይጎተትም። እሷና ወንድሟ በካልሲ ነው የሚሄዱት። አንድ ነገር ኮሽ ካለ በሩ ገርበብ ይላል፣ ጭንቅላቱ ብቅ ይላል፣ ሌባ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። ቃል አይወጣውም። ያቺን ጣት እንደጠላች አደገች። አድጋ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ መሆኗም አይገርምም፤ አርባ ልጅ ባንድ ላይ ሲንጫጫ ደስ ይላታል።

አሥራ አራት ዓመቷ ላይ ሳህን ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። በሩ ገርበብ አለ፣ ጣቱ ከንፈሩ ላይ ወጣች። ያን ቀን አልቻለችም።

«እኔ እዚህ ቤት ትርፍ ነኝ» አለችው። «አንተ የምትሰማው ያቺን ሴትዮ ብቻ ነው።»

አባቷ ገርበብ ያለውን በር ወለል አድርጎ ከፈተው። «ነይ ግቢ፣ ያቺን ካሴት አንዴ አብረን እንስማት» አላት።

«አልፈልግም።»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ሁለቴ ይጠይቃታል። በየዓመቱ ሰበብ አታጣም። ባለፈው ወር በስልክ፣ «ስትመጪ እንሰማታለን፣ እሺ?» ሲላት፣ «እሺ አባዬ፣ ትምህርት ይዘጋልኝ» ብላው ነበር። ትምህርቱ ሳይዘጋ እሱ ሄደ።

አሁን ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ለሷ የሚሆን ቦታ ኖሮ ያውቃል ወይ? መልሱን ሳታውቅ ለማን ብላ እንደምታለቅስ አልገባትም።

በሦስተኛው ቀን ታላቅ ወንድሟ ሳሎን መሀል ቆሞ ቁርጡን ተናገረ። እሱ ሐዘን ሲይዘው ዕቃ ያነሳል፣ ዕቃ ይጥላል፤ ተፈጥሮው ነው።

«ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል። ማጫወቻውንም ስፒከሩንም ለሙዚቃ ትምህርት ቤት ሰጥቻቸዋለሁ። ካሴቱን እንኳ ማን ይፈልገዋል፣ ይጣላል።»

ጥጉ ላይ ሦስት የሻይ ብርጭቆ አየር ላይ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊው ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙራል።

«ልጄ፣ ላስቸግርሽ ነው። ዋናዋን ካሴት አንዴ ብቻ ብንሰማት። እኛ ያለን ቅጂ ነው፤ ዋናዋን ከክፍሉ አውጥቷት አያውቅም።»

ድስት የምታጥበው አክስት ዘወር አለች። «ለቅሶ ቤት ዘፈን? እናንተ ሰዎች ጤናም የላችሁ?»

«ዘፈን አይደለም እትዬ» አለ ከኋላ የተከተለው ጋሽ ባስ። «ምርመራ ነው።»

«ሰው ምን ይላል ታዲያ?»

«ነገ ጠዋት ይስሙ፣ መኪናው ሳይመጣ» አለች አስተማሪዋ። ለራሷም ገረማት።

«አንቺም አብደሻል?»

«እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ፣ አክስቴ።»

አክስት ድስቷን ስትፈትግ ቆየችና፣ «ቢያንስ ድምፁን ቀንሱት» አለች። ኤሌክትሪሻኑ እሱ ተቀንሶ የሚሰማ ነገር እንዳልሆነ ሊያስረዳት አፉን ሲከፍት ጋሽ ባስ እግሩን ረገጠው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ክፍሉ ተከፈተ። በሩ ጠርዝ ላይ ድምፅ እንዳይወጣ የተለጠፈው ወፍራም ጨርቅ አሁንም አለ። ውስጥ የሸክላ ማጫወቻው፣ ቴፑ፣ ሁለት ስፒከርና ከፊታቸው አንድ ሰፊ ወንበር ነው ያለው። ካሴቷን መፈለግ እንኳ አላስፈለገም፤ ቴፑ ውስጥ ነበረች፣ አባቷ መጨረሻ የሰማው እሷን ነው። ጀርባዋ ላይ በአባቷ እጅ «ዋናዋ» ተብሎ ተጽፏል። ኤሌክትሪሻኑ ጥጥ በስፒርት ነክሮ የቴፑን አፍ ጠረገ፤ ቁስል የሚያጥብ እንጂ ቴፕ የሚጠርግ አይመስልም ነበር።

«እዚያ ተቀመጪ» አሏት ወንበሩን እያሳዩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ እንጂ።»

«ያንቺ ቦታ ነው» አለ ልብስ ሰፊው። ሦስቱም ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ተቀጣ ተማሪ ተሰለፉ።

ሁለተኛው ገጽ ጀመረ። አስተማሪዋ ይህን አልበም በሩ ሥር ሆና ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች፣ ከውስጥ ግን ገና አሁን ነው። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ሴትዮዋ ከፊት ለፊቷ፣ እጅ ዘርግቶ በሚነካ ርቀት ላይ የቆመች ይመስላል። አንደኛው ዘፈን አለፈ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ትንፋሻቸውን ያዙ።

መጣች። ዋናዋ ላይ ደግሞ ጥርት ብላ። አንድም አይደለች፣ ሦስት አራት ጊዜ ተደጋገመች፤ ታፈን፣ ለቀቅ። ታፈን፣ ለቀቅ። ከዚያ ዘፋኟ ገባችና ሸፈነቻት።

«የሴትዮዋ አይደለም» አለ ጋሽ ባስ ቀኝ ጆሮውን አስቀድሞ። «አሁን ገባኝ፣ የሷ አይደለም። የማን ነው ግን?»

አስተማሪዋ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። በሥራ ቀን ሁሉ ከምሳ በኋላ አርባ ፍራሽ መሀል እየተመላለሰች ትሰማዋለች።

«ሕፃን ነው» አለች። «ሦስት አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ጉንፋን ይዞት፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።»

ኤሌክትሪሻኑ ሳቀ። «ሕፃን? በገመድ ሲቀዳ ሕፃን ከየት...» ብሎ ጀመረና አቆመ። ስፒከሮቹን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«በማይክ» አለ። «ሰውዬው በማይክ ነው የቀዳው። ያ ሁሉ ግድግዳ፣ ያ ሁሉ ጣሪያ... የምንሰማው ይሄን ክፍል ነው።»

«እሱ? በማይክ?» አለ ልብስ ሰፊው፤ የጓደኛውን ሚስጥራዊ ትዳር የነገሩት ያህል ደነገጠ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ግንባሩን ያዘ። «ካሴቱን በሰጠን በዓመቱ እኮ ገመድ ከኔ ተውሶ ነበር። በማግስቱ መለሰልኝ። ‹ደግሜ ቀዳሁት፣ ባዶ ሆነብኝ› አለኝ። እኔ ገመዱ ተበላሽቶ መስሎኝ ጣልኩት።»

ዘፈኑ አለቀ። እነሱ ቤት ያለው ቅጂ እዚህ ጋ ነው የሚያበቃው። ዋናዋ ግን አላበቃችም። የሸክላው መርፌ መጨረሻው መስመር ላይ ደርሶ መዞር ጀመረ፤ ቸክ፣ ቸክ፣ ቸክ። የሚያነሳው የለም።

«መርፌው ያልቃል እኮ» አለ ጋሽ ባስ በጭንቀት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሄዶ የሚያነሳው ይመስል። «እንዴት ዝም ይላል? እሱ እኮ ዘፈን አልቆ መርፌ አንድ ዙር ከዞረ ያመዋል።»

ወንበር ሲጥጥ አለ፣ ይሄው የተቀመጠችበት ወንበር። አንድ ሕፃን ኡህ ኡህ ብሎ ሳለ። ከዚያ አንድ ጎርነን ያለ ትንሽ ድምፅ መጣ።

«አባባ፣ አለቀ?»

«አላለቀም የኔ ማር» አለ አባቷ። ወጣት ነበር፤ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው፣ ለማይኩ ግን በጣም ቅርብ። «ተኚ፣ ገና ነው።»

ቸክ፣ ቸክ፣ ቸክ።

«ደረቱ ላይ ነበርሽ» አለ ኤሌክትሪሻኑ ቀስ ብሎ። «ድምፃችሁ የሚመጣው ካንድ ቦታ ነው። እንዳትነቂበት ነው ያልተነሳው።»

እስትንፋሷ ተመለሰ፤ ታፈን፣ ለቀቅ። አባቷ ሁለተኛ አልተናገረም። ለማንኪያ ኮሽታ ከወንበሩ የሚነሳው ሰውዬ፣ መርፌው እያለቀበት፣ ሳይነቃነቅ ተቀምጧል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ካሴቱ እንደሆነ መሄዱን አላቆመም። በየማታው በሩን ዘግቶ የሚሰማው ይሄንን ነበር። እሷ በውጭ በካልሲ ስትሄድ፣ ውስጥ ደግሞ እሷው ተኝታ ነበር።

እንባዋ ያኔ መጣ። አልተንሰቀሰቀችም፤ ዝም ብሎ ወረደ፣ እሷም አልጠረገችውም። ከኋላዋ ልብስ ሰፊው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጓል።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። በሩ በኃይል ተከፈተና ወንድሟ በከባድ ጫማው ሁለት እርምጃ ገባ።

«መኪናው መጥቷል፣ ምን እያደረጋ—»

አስተማሪዋ ዘወር አለች። ቃል አልወጣትም። ሌባ ጣቷን አንስታ ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ወንድሟ ጣቷን አየ። ስፒከሩ ውስጥ ሕፃኗ ታፈን፣ ለቀቅ ትላለች። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፣ ጫማውን በር ላይ ትቶ በካልሲው ገባ።