ቢጫው ገጽ

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ከሰዓት ቀጥሎ የሚወደው ኮምፒውተሩን ነው፤ ሊኑክስ የሚሉትን የኮምፒውተር ሥርዓት ራሱ ጭኖበታል። ጠዋት ወደ ሱቁ ከመውጣቱ በፊት በማስታወሻ ፕሮግራሙ ላይ አንድ ሁለት መስመር ይጽፍልኝ ነበር። ገጹን ቢጫ፣ ፊደሉን ትልልቅ ያደረገው ለዓይኔ ብሎ ነበር። ካለፈ በኋላ ያንን ገጽ ስከፍት፣ ልጆቼ፣ አጠገቤ ቁጭ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ወር ሴት ልጄ መጥታ ፕሮግራሞቹን ሁሉ አደሰቻቸው። ጽሑፉ አለ፤ ገጹ ግን ነጭ ሆነ፣ ቀለሙም አይቀየርም። የአባትሽን ገጽ መልሺልኝ ብዬ ነዘነዝኳት። ሥራዋ ይኸው ስለሆነ አስረዳችኝ፦ አዲሱ ፕሮግራም ጽሑፉን በራሱ መንገድ አስቀምጦታል፤ አሮጌውን ብንመልስ ላያነበው ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቅጂ ይያዝ። እኔ ግን ጆሮዬ እንጂ ልቤ አልሰማም።

ምን ምን እንደሚነካ ለማየት አሮጌውን የሚመልሰውን ትእዛዝ ጻፈች። ማሽኑ ረጅም ዝርዝር አውጥቶ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀ። እንዳትነኪው ብላኝ ፍላሽ ልታመጣ ወደ መኪናዋ ወረደች። ባለቤቴ ደግሞ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ሲጠይቅሽ ዋይ የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫኚ የሚል ነው። ተጫንኩ። ሩጫውን ሲጨርስ ማስታወሻውን ከፈትኩት።

ቢጫ! ያው የኔው ገጽ። ግን አንድ ቃል የለበትም። ናፈቅከኝ ልለው እጄ ወደ ፊደሎቹ ሄደ።

«እማ፣ እጅሽን አንሺ» አለች ልጄ ከበሩ። «የአባዬ ጽሑፍ ገና አልጠፋም። አሁን አንድ ፊደል ከጻፍሽ ግን በላዩ ላይ ነው የሚቀመጥበት።»

እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩ። «ተጫኚ ያለኝ እኮ አባትሽ ነው።»

«አባዬማ ሰዓት ገጥሞ ብሎን ሲተርፈው ለመጠባበቂያ ነው ይል የለ!»

ሳቅን፤ እኔስ እያለቀስኩ ነበር። ከዚያ ቢጫውን ልተውልሽ ወይስ የጻፈውን ብላ ጠየቀችኝ። ገጹን ትንሽ አየሁት። ያን ያህል ዘመን የለመድኩት ነው።

«ዝጊው» አልኳት።

ጽሑፉን በፍላሹ ቀድታ አዲሱን ፕሮግራም መለሰችው። ነጩ ገጽ መጣ። ፊደሉ ትንንሽ ስለሆነ አፍንጫዬ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋሁና የመጨረሻዋን መስመር አነበብኩ፦ «ዛሬ ቶሎ እመጣለሁ፤ ምሳ ብቻሽን እንዳትበዪ።»